የግቢ ጉድጓድና የማደያ ታንከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን ተነስታችሁ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጋችሁ ባሕር ዳር እስክትገቡ ድረስ መንገዱ ዳር ማደያ አይጠፋም። ከማደያው አጥር ጀርባ ደግሞ የሰው ግቢ አለ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያ ጉድጓድ ለልብስ ብቻ አይደለም፤ ለጠላ መጥመቂያ፣ ለቡና፣ ብዙ ጊዜም ለመጠጥ ነው። ውሃ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ሰዎች ስለዚህ ነገር ይጠይቁኛል። የሚደጋገመውን እዚህ አስቀምጫለሁ።

ነዳጁ መሬት ውስጥ ነው እንዴ ያለው?

አዎ። እናንተ የምታዩት መቅጃውን ብቻ ነው። ነዳጁ ያለው ከሲሚንቶው ሥር በተቀበሩ ታንከሮች ውስጥ ነው፤ አንዱ የቤንዚን፣ ሌላው የናፍጣ። የታንከሩ ወለል አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜትር ጥልቀት ላይ ይውላል። ከታንከሩ ወደ መቅጃው የሚሄድ ቱቦም አለ። ሰው ሁሉ ታንከሩን ይጠረጥራል እንጂ ቱቦውና መጋጠሚያው ላይ የሚፈሰውም ብዙ ነው። ቦቴው ሲያራግፍ መሙያው አፍ ላይ የሚፈሰውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ቢያፈስ ባለቤቱ አያውቅም? የሚፈሰው የራሱ ገንዘብ አይደል?

ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ትክክለኛ ጥያቄም ነው።

በሰከንድ አንድ ጠብታ ይንጠብ እንበል። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በቀን ከ4 ሊትር ትንሽ ይበልጣል፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር ያልፋል፣ ማለትም ወደ 8 በርሜል። ግን በቀን ብዙ ሺህ ሊትር ለሚሸጥ ማደያ 4 ሊትር ምንም ማለት አይደለም። «ትነት ነው፣ የቦቴው ጉድለት ነው» ይባልና ይታለፋል። ሙቀትም አለ። ቤንዚን አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል፤ 10,000 ሊትር ቤንዚን 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ማንም ሳይነካው ወደ 95 ሊትር ይጎድላል። እውነተኛው ፍሳሽ እንዲህ ባለ ጉድለት ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ባለ ማደያው ሁሉ እያወቀ ዝም ያለ አይደለም። መለካት ግን የእሱ ሥራ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

እሺ፣ ወደ እኛ ጉድጓድ እንዴት ይደርሳል?

እዚህ ላይ የእኛን አገር መሬትና ወቅት ማወቅ ያስፈልጋል።

ነዳጁ መጀመሪያ ቁልቁል ይሰርጋል። ውሃው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ምክንያቱም ከውሃ ይቀላል፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ ግን ከፊሉ ይሟሟል። የሟሟው ክፍል ከከርሰ ምድር ውሃው ጋር አብሮ ይጓዛል። ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ያለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ ነው የሚሄደው። ማደያው ሽቅብ፣ የእናንተ ጉድጓድ ቁልቁል ከሆነ ልባችሁ ይጠራጠር።

ወቅቱ ደግሞ አለ። ክረምት ሲገባ ውሃው ከፍ ይላል። ነሐሴና መስከረም ላይ በብዙ ሰፈር ጉድጓዱ አፍ ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ያን ጊዜ ታንከሩ ራሱ ውሃ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው። ታንከሩ ቀዳዳ ካለው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። በጋ ላይ፣ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ውሃው ሲወርድ ደግሞ ነዳጁ በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። ውሃው ሲወጣና ሲወርድ ነዳጁን አፈሩ ላይ እየቀባው ይሄዳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ጉድጓድ በጋውን ሙሉ ምንም ሳይል ከርሞ ክረምት ሲገባ ነዳጅ ነዳጅ የሚለው። ሰው «ጎርፍ ያመጣው ነው» ይላል፤ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከሥር የመጣ የቆየ ነዳጅም ሊሆን ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ባዶ ወይም ጎዶሎ ታንከር በደንብ ካልታሰረ የክረምት ውሃ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ይገፋዋል። ታንከሩ ሲነሳ ቱቦው ይሰበራል።

አፈሩም ይለያያል። በብቸናና በደጀን አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር በበጋ እግር እስኪገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ይህ በየዓመቱ የተቀበረ ቱቦን መጎተትና መግፋት ነው። ዳንግላና መራዊ አካባቢ ደግሞ ከቀዩ አፈር ሥር የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ አለ። አፈር ነዳጁን ያዘገየዋል፣ በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎችም ቀስ እያሉ ይበሉታል። የድንጋይ ስንጥቅ ግን እንደ ቱቦ ነው፤ አያጣራም፣ አያዘገይም።

ከማደያ ስንት ሜትር ስንርቅ ነው የሚያስተማምነው?

አንድ ቁጥር ንገረኝ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። አፈር ብቻ በሆነበት መሬት ከነዳጅ የሟሟው ነገር አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜትር ሳይደርስ ይደክማል። ድንጋዩ በተሰነጣጠቀበት ቦታ 100 ሜትርን አልምልበትም። የምመክረው አቅጣጫውን ነው፤ አዲስ ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ከማደያው፣ ከጋራዡና ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ ሽቅብ ይሁን። 50 ሜትር ሽቅብ ከ150 ሜትር ቁልቁል ሊሻል ይችላል።

ካልሸተተ ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህን በደንብ አንብቡልኝ።

ቤንዚን ውስጥ ቤንዜን የሚባል ነገር አለ። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታዋል። ቤንዚን መኪናው የሚጠጣው ነው፤ ቤንዜን በውስጡ ካሉት ኬሚካሎች አንዱ ነው፣ የደም ካንሰር እንደሚያመጣም የተረጋገጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። አፍንጫችን ውሃ ውስጥ ያለ ቤንዜንን የሚለየው ከዚህ እጅግ በበዛ መጠን ነው። ስለዚህ ሽታ ከመጣ ውሃው በእርግጥ ተበክሏል፣ ሽታ ካልመጣ ግን ምንም አልተረጋገጠም።

ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ከመቶ አንዱ ቤንዜን ቢሆን ወደ 8.8 ግራም ይመጣል። ይህ በሙሉ ውሃ ውስጥ ቢሟሟ 880,000 ሊትር ውሃ ከተባለው ገደብ ላይ ያደርሳል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 44,000 ጀሪካን ነው። ከአንድ ሊትር! እርግጥ ሁሉም አይሟሟም፣ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉን አፈር ይይዘዋል። ቢሆንም በቀን 4 ሊትር የሚያንጠባጥብ ቱቦ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ናፍጣ ቤንዜኑ ትንሽ ነው። ግን ወፍራም ስለሆነ አፈሩን ይዞ ይቀመጣል፣ ለመልቀቅ ዓመታት ይፈጃል፣ ሽታውና ጣዕሙም ውሃውን አያስጠጣም።

ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቆዳ ይንሳፈፋል። ነዳጅ ነው?

በእንጨት ነካ አድርጉት። ቆዳው እንደ ስስ መስታወት ተሰባብሮ በየቦታው ከቀረ ነዳጅ ላይሆን ይችላል፤ ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ያንን ይሠራሉ፣ ቀይ አፈር ባለበት አገር የተለመደ ነው። ተመልሶ ከተገጣጠመና ከተዘረጋ፣ ሽታም ካለው፣ ነዳጅ ነው ብላችሁ ተነሱ።

ብናፈላውስ? ውሃ አጋር ብንጨምርበትስ?

ውሃ አጋርም ሆነ ሌላ ክሎሪን ጀርም ይገድላል። ነዳጅ ጀርም አይደለም፣ የሚሞት ነገር የለውም። በነጠላ ማጥለልም፣ በአሸዋ ማጣራትም፣ የሸክላ ማጣሪያም አይዙትም። ማፍላት ከባድ ስህተት ነው፤ ቤንዜኑ ይተናል፣ ጭስ ቤት ውስጥ ይሞላል፣ እናትየዋና ጉልበቷ ሥር የተቀመጠው ልጅ ይስቡታል። የናፍጣው ከባዱ ክፍል ደግሞ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ የሚሠራው አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው፣ በተለየ መንገድ የተዘጋጀ ከሰል ያለበት ማጣሪያ ነው። ከምድጃ የወጣ ከሰል እሱን አይተካም። ካርቦኑም ሲጠግብ ነዳጁን ማሳለፍ ይጀምራል፣ በየጊዜው ካልተቀየረና ውሃው ካልተመረመረ ሰውን የሚያዘናጋ ዕቃ ብቻ ይሆናል።

ጉድጓዳችን ነዳጅ ነዳጅ ማለት ጀመረ። ዛሬውኑ ምን እናድርግ?

መጠጣትና ማብሰል አቁሙ። ለከብትም አታጠጡ። በሙቅ ውሃ ገላ መታጠብም ይቅር፤ እንፋሎቱ ይዞት ይወጣል።

ጉድጓዱ ውስጥ ሻማ ወይም ፋኖስ እንዳታወርዱ። ቆፋሪዎቻችን አየር መኖሩን ለማወቅ ሻማ የማውረድ ልማድ አላቸው። ነዳጅ በሸተተ ጉድጓድ ላይ ይህ ፍንዳታ ነው። ሰውም አይግባበት፤ የነዳጅ ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ታች ይተኛል፣ የገባውን ራሱን ያስተዋል፣ ሊያወጣው የወረደውንም ይደግመዋል። አፉን ክፍት አድርጉ፣ ሕፃናትንና እሳትን አርቁ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይጠጋ።

«ቀድተን ቀድተን እናድርቀው፣ ይጸዳል» የሚሉም አሉ። አትሞክሩ። በኃይል መቅዳት ያልደረሰውን ነዳጅ ወደ እናንተ መሳብ ነው። የተቀዳው ውሃ መንገድ ላይ ሲደፋ ደግሞ የጎረቤት ጉድጓድ ይሄዳል።

ከዚያ ለቀበሌውና ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፣ በጽሑፍ፣ ቀኑን ጽፋችሁ፣ ግልባጩን አስቀሩ። ጎረቤቶቻችሁንም ጠይቁ፤ የማን ጉድጓድ እንደሸተተና የማን እንዳልሸተተ በወረቀት ላይ ብታስቀምጡት ፍሳሹ ከየት እንደመጣ ግማሹን ነገራችሁ።

ተመርምሮ ንጹህ ነው ተባልን። ታዲያ ለምን ይሸታል?

ይህ የአክስቴ ታሪክ ነው። መስከረም ላይ ቡናዋ ጋዝ ጋዝ አለ። ጎረቤቷ «እትዬ፣ ላምባ በነካ ጣሳ ቀድተሽ ይሆናል» አለቻት። ጣሳውን ጣለች። ጀበናውን ቀየረች። ስኒውን በአመድ አጠበች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ስትል ውሃውን አልጠረጠረችም፣ ምክንያቱም ያ ጉድጓድ ከባሏ ጋር ያስቆፈሩት፣ ሰፈሩን ሁሉ ያጠጣ ጉድጓድ ነበር። በኋላ አስመረመረች። «ውሃው ንጹህ ነው» የሚል ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። የተመረመረው ባክቴሪያ ነበር። ውሸት አልጻፉም፤ ስለ ነዳጅ የጠየቃቸው ስለሌለ ስለ ነዳጅ አልመለሱም። እሷ ግን ወረቀቱን አምና አንድ ወር ጨምራ ጠጣች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ስታስመረምሩ «ለነዳጅ፣ ለቤንዜን» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። ወረዳ ላይ ያለው የመስክ መመርመሪያ ጀርም፣ ክሎሪንና ድፍርስነት ነው የሚያይ፤ ነዳጅ ከፍ ያለ ላብራቶሪ ይፈልጋል። ናሙናው በሃይላንድ ጠርሙስ አይወሰድም፣ ፕላስቲክ ይመጠዋል። በንጹህ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ አየር ሳይቀር ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ፣ አጥብቃችሁ ከድናችሁ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ ቶሎ ይላክ። ግማሽ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ቤንዜኑ ወደ ክፍቱ ቦታ ይተንና መልሱ ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል።

እኛ የቧንቧ ተጠቃሚ ነን፤ ምን አገባን?

ያገባችኋል። የቧንቧው ውሃም ብዙ ቦታ ከመሬት ነው የሚመጣው። ባሕር ዳር እንኳ ጣና አፍንጫዋ ሥር ሆኖ ለብዙ ዓመት የጠጣችው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ሌላም አለ፤ ጥቁሩ የፕላስቲክ ቧንቧ ነዳጅ በገባበት አፈር ውስጥ ካለፈ ነዳጁ በቧንቧው ግድግዳ አልፎ ውሃው ውስጥ ይገባል። ቧንቧው ሳይሰበር! በፈረቃ ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ ቧንቧው ባዶ ይሆንና በላላ መጋጠሚያ ከውጭ ያለውን ይስባል። ማደያ አጠገብ ቧንቧ የሚዘረጋ ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

እኛ ገጠር ነን። ማደያ የለም።

ወፍጮ ቤት አለ? የመስኖ ሞተር አለ? የናፍጣ ወፍጮ ያለበት ሁሉ በርሜል አለ፣ በርሜሉ ሥር የጠቆረ መሬት አለ። ጎጃም ውስጥ ሽንኩርትና ቃሪያ ለማጠጣት ሞተሩን ጉድጓዱ ከንፈር ላይ የሚያስቀምጥ ገበሬ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ናፍጣው ሲሞላ ይንጠባጠባል፣ ዘይቱ ሲቀየር እዚያው ይደፋል፣ ማታ ላይ ልጆቹ ከዚያው ጉድጓድ በጀሪካን ይቀዳሉ። ይህ የመሬት ውስጥ ታንከር እንኳ አያስፈልገውም። ሞተሩን ቁልቁል በኩል አርቁት፣ ቱቦው በሚፈቅደው ርቀት። ከሥሩ የተቆረጠ በርሜል ወይም ትሪ አድርጉ። የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይጠራቀም፣ አፈር ላይ አይደፋ። ነዳጅ ሲጠፋ በርሜል ገዝቶ ጓዳ የሚያስቀምጥም አለ፤ ለቃጠሎውም ለጉድጓዱም አደጋ ነው።

ማደያ አለኝ። ሳላውቅ ሰው መመረዝ አልፈልግም። ከምን ልጀምር?

ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ።

ከዘንጉ ይጀምሩ። ጠዋት ከመክፈትዎ በፊት ታንከሩን በመለኪያ ዘንግ ይለኩ፣ በደብተር ይጻፉ። ትናንት የነበረው፣ ሲደመር ቦቴው ያራገፈው፣ ሲቀነስ የተሸጠው፣ ዛሬ ከለኩት ጋር ያስተያዩ። አንድ ቀን ቢጎድል ወይም ቢተርፍ አይደንግጡ። አንዴ ሲጎድል አንዴ ሲተርፍ ሙቀት ወይም የመለካት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ ወደ ጉድለት ብቻ ካጋደለ ግን መሬቱ እየጠጣው ነው። አሜሪካኖች በዚህ መንገድ ለሚቆጣጠሩ ማደያዎች ያስቀመጡት ልክ በወር ከሚሸጠው ከመቶ አንድ ሲደመር 130 ጋሎን፣ ወደ 490 ሊትር ነው። ከዚያ በላይ ሲጎድል ፍሳሽ ተጠርጥሮ ይታያል። ለእኔ ይህ ራሱ ሰፊ ነው።

ሁለተኛው፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት አለ። ክረምት ላይ በየቀኑ ይቀቡት። ታንከሩ ሥር ውሃ ከተገኘ ምናልባት በመሙያው ክዳን የገባ ዝናብ ነው፣ ምናልባት ግን በቀዳዳ የገባ ነው። ውሃ የገባበት ቀዳዳ በበጋ ነዳጅ ያወጣል። ነዳጅ ነጋዴው ውሃውን የሚፈራው የደንበኛ ሞተር እንዳያበላሽበት ነው፤ እኔ ደግሞ የምለምነው ለጎረቤት ጉድጓድ ብሎ እንዲያየው ነው።

ገንዘብ ሲኖርዎት መሙያው አፍ ላይ የፈሰሰውን የሚይዝ ባልዲ ያስገጥሙ፣ ታንከሩና ቱቦው እንደማያፈስ በግፊት ያስፈትሹ፣ ታንከሩ አጠገብ የፈሰሰ ነዳጅ መኖሩን የሚያሳይ የመቆጣጠሪያ ቱቦ ያስቆፍሩ። ባለ አንድ ግድግዳ የብረት ታንከር ከሆነና የተቀበረበትን ዓመት የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ መቀየሪያው ደርሷል። አዲስ ሲገዙ ባለ ሁለት ግድግዳውን ይምረጡ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስትቆጥር ከ500,000 በላይ የታንከር ፍሳሽ ተረጋግጦባታል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ሳንታ ሞኒካ የምትባል ከተማ በቤንዚን ውስጥ በተጨመረ ኬሚካል ምክንያት የመጠጥ ውሃዋን ግማሽ ያህል አጥታለች። ያን ያህል ሀብት ያለው አገር እየከፈለ የሚያጸዳውን እኛ ከመነሻው ብንከላከል ይሻለናል።

ማደያው እምቢ ቢለንስ? መብታችን ምንድን ነው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው እንዲያጸዳ ያስገድዳል። በዚሁ አዋጅ ማንም ሰው፣ የራሱ ጉድጓድ ባይሆንም እንኳ፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቀኑ ስለሚቆጠር ነው ማመልከቻውን በጽሑፍ አድርጉት ያልኳችሁ። መጀመሪያ ግን ባለቤቱን በሽማግሌ አነጋግሩት። አንድ ከተማ ውስጥ ነው የምትኖሩት፤ ደብተሩን አብረን እንይ ሲባል እሺ የሚል ሰው አለ።

የተበከለ ጉድጓድ መልሶ ይጸዳል?

ይጸዳል፣ ግን ብዙ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። መጀመሪያ ፍሳሹ መቆም አለበት፤ ያፈሰሰው ታንከር ይወጣል፣ ነዳጅ የጠገበው አፈር ተቆፍሮ ይነሳል፣ የተንሳፈፈው ነዳጅ ይቀዳል። የሟሟውን ባክቴሪያና ጊዜ ይጨርሱታል፣ አንዳንዴ በዓመታት። በዚህ መሐል ቤተሰቡ ሌላ ውሃ ያስፈልገዋል፤ ወጪው በበካዩ ላይ መሆን አለበት፣ ይህንንም በማመልከቻው ላይ አስፍሩት።

ማደያው ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን ቦታው ላይ ሱቅ ተሠርቷል። ስጋቱ አብሮ ተዘጋ?

መቅጃው ሲነቀል ታንከሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ሥሩ ላይ የቀረው ነዳጅ ብረቱ እስኪበሳ ይጠብቃል። በአግባቡ የተዘጋ ታንከር ተቀድቶ፣ ታጥቦ፣ ትነቱ ወጥቶ ወይ ከመሬት ይነሳል ወይ በአሸዋ ይሞላል። ሰፈራችሁ ውስጥ ድሮ ማደያ ወይም የመሥሪያ ቤት ናፍጣ ማከማቻ ነበር የሚባል ቦታ ካለ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ የት እንደተቀበረ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። ያንን ቦታ ወይም ከሥሩ ያለውን ቁልቁለት ልትገዙ ከሆነ ታንከሩ መነሳቱን ወይም መሞላቱን የሚያሳይ ወረቀት ሻጩን ጠይቁት፣ ጉድጓድ ቆፋሪ የምትጠሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።